ካቢኔቱ መሬት አይንካ

የሱቅ ካቢኔትና የቤት ካቢኔት ለብዙ ሰው አንድ ስራ ነው የሚመስለው፣ አንዳንድ ባለሙያም ጭምር እንደዛ ያስባል። እንጨቱ ያው፣ ማሽኑ ያው፣ ቪቴው ያው፣ ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው ይሉኛል። አጠቃቀሙ ላይ ነዋ! ቤት ያለ ቁምሳጥን በቀን ሁለቴ ሶስቴ ቢከፈት ነው፣ የፋርማሲ መሳቢያ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሲጎተትና ሲገፋ ነው የሚውለው፣ የሚጎትተውም ሰው ወረፋ ቆሞበት እየተጣደፈ ስለሆነ ቀስ ብሎ ዝጋው ማለት አይቻልም። ከዛ ደሞ ማታ ሊዘጋ ሲል ውሃ ይደፋል። ዛሬ መፃፍ የፈለኩት ስለዚ ውሃ ነው።

ወርክሾፓችን ወደ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ስራው በብዛት ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ቃሊቲ፣ ኮንዶሚኒየም ስር ያሉ ሱቆች፣ ፋርማሲ፣ ካፌ፣ ኮስሞቲክስ ቤት ምናምን። በኛ በኩል በበጋ አቧራ ነው በክረምት ጭቃ ነው፣ ስለዚ ወለል በጨርቅ ብቻ አይፀዳም፣ ውሃ በባልዲ ከነኦሞው ይደፋና በመጥረጊያ እየተገፋ ወደ በር ይወጣል። ንፅህናው ደስ ይላል፣ ማንም አታድርጉት ማለት አይችልም። ግን ያ ውሃ ወደ በሩ ከመውጣቱ በፊት የካቢኔቱን ስር ዞሮ ነው የሚሄደው።

ኤምዲኤፍ ማለት እንደ ጥጥ የደቀቀ የእንጨት ጭረት ከሙጫ ጋር ሆኖ በሙቀትና በግፊት የተጠቀጠቀ ሰሌዳ ነው። ፊቱ ላይ ላሚኔት የሚባል ስስ ሽፋን ስላለው ከላይ ውሃ ብታፈስበት ጠረግ አድርገህ ትሄዳለህ። ችግሩ ጠርዙ ነው፣ የተቆረጠው ጠርዝ ራቁቱን ከሆነ ውሃ ይጠጣል፣ ጠጥቶ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ከእንጨት ፍርፋሪ የሚሰራው ቺፕውድማ ይብሳል፣ እሱ ጭራሽ መፈርፈር ይጀምራል። ታች ያለው ሲያብጥ በሩ መፋተግ ይጀምራል፣ የማጠፊያው ቪቴ ይላላል፣ ላሚኔቱ ይገነጠላል፣ ከዛ ባለቤቱ እንጨቱ ፎርጅድ ነው ይላል። እንጨቱ ምን አጠፋ፣ መሬት ላይ ያስቀመጠው ሰው ነው እንጂ።

ስለዚ እኔ የምሰራው ካቢኔት ጎኑም ሆነ ወለሉ ሴራሚክ አይነካም። እንደ ቪቴ እየተሽከረከረ ከፍና ዝቅ የሚል የፕላስቲክ እግር አለ፣ ወደ 10 ሳንቲም ከፍ ያደርገዋል፣ ፊት ለፊቱ የስሩን ክፍተት የሚሸፍን የፒቪሲ ወይ የአልሙኒየም ዞኮሎ ይገባለታል፣ እሱም በክሊፕ የሚያዝ ስለሆነ ነቅለህ ስሩን አፅድተህ ትመልሰዋለህ። ደሞ ኤጅባንድ፣ ማለትም የተቆረጠውን ጠርዝ የሚሸፍነው ጥብጣብ፣ የሚታየው ጠርዝ ላይ ብቻ አይለጠፍም፣ ከስር ያለው፣ ማንም የማያየው ጠርዝ ላይም ይለጠፋል፣ እንደውም በደንብ መለጠፍ ያለበት እዛ ነው። በር ላይ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነውን ነው የምመርጠው፣ 0.4ቱ ስስ ስለሆነ ትንሽ ሲመታ ይላጣል።

ጭቅጭቁ እዚ ጋ ነው። ሐምሌ 2016 ዶላሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጪ የሚገባ ነገር ሁሉ ጨመረ፣ ሰሌዳውም ማጠፊያውም የመሳቢያው ሐዲድም፣ ደንበኛ ደሞ ከየት ልቀንስ ብሎ ሲያስብ አይኑ የሚያርፈው እግሩና ኤጅባንዱ ላይ ነው። አንዷ የፋርማሲ ባለቤት "ወንድሜ ስሩን ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል፣ እሱን ተወውና ቀንስልኝ" አለችኝ። "እህቴ እሱን ከምተወው የላዩን የኤልኢዲ መብራት ላውጣልሽ፣ መብራቱን በሌላ ጊዜ ታስገቢያለሽ፣ እግሩን ግን እቃ ከተደረደረ በኋላ ማንም አያስገባልሽም" አልኳት። ተስማማች። ባትስማማ ኖሮ ስራውን አልይዘውም ነበር፣ ይሄን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን ሰው ተበድሮ የከፈተው ሱቅ ውስጥ በአንድ ክረምት የሚያብጥ ነገር ማስቀመጥ ስለሚከብደኝ ነው።

ገጠማው ራሱን የቻለ ሌላ ስራ ነው። ወለሉ ቀጥ ያለ ይመስላል ግን ውሃ ልክ ስታስቀምጥበት ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፣ ስለዚ መጀመሪያ ከፍ ያለውን ነጥብ ፈልጌ ከሱ ነው የምነሳው፣ ሌላው በእግሩ እየተሽከረከረ ወደሱ ይመጣል። ግድግዳውም ልስኑ በዝቶ ሆዱ የወጣ ይሆናል፣ የጫፉን ጎን ትርፍ ትቼ አመጣና እዛው ቦታው ላይ የግድግዳውን ቅርፅ በእርሳስ ወስጄ በመላጊያ አስገባዋለሁ፣ ክፍተቱን በሲሊኮን መድፈን አልወድም። ብሎኬት ግድግዳ ደሞ ውስጡ ባዶ ነው፣ ቪቴውን ግድግዳ ውስጥ የሚይዘው ፊሸር ክፍተቱ ላይ ካረፈ ሽሮፕ የተደረደረበትን ካቢኔት አይሸከምም፣ ስለዚ ድምፁን እያንኳኳሁ ድፍኑን እፈልጋለሁ፣ ከባድ ከሆነ ክብደቱን ወደ ወለል አወርደዋለሁ፣ ግድግዳው የሚይዘው ካቢኔቱ እንዳይወድቅ ብቻ ነው።

ሼልፍም እንደዛው ነው። ሁሉም ረጅም ሼልፍ ይፈልጋል፣ መሃል ላይ ማቆሚያ ያለው አያምርም ይላል። 18 ሚሊ ሰሌዳ ከ80 ሳንቲም በላይ እቃ ጭኖ ቀጥ ብሎ አይቆይም። ርዝመቱን እጥፍ ካደረከውና በእኩል አጠጋግተህ ከደረደርክበት መሃሉ የሚጎብጠው እጥፍ አደለም፣ 16 እጥፍ ነው። ሂሳቡ እንደዛ ነው የሚሰራው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፣ አብረውን የሚሰሩት ልጆች። ኤምዲኤፍ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ዱቄት ነው፣ ሙጫው ውስጥ ደሞ ፎርማልዲሃይድ አለ። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995፣ ፎርማልዲሃይድን በ2004 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል። መብራት ጠፍቶ ማታ ሲመጣ በር ዘግተን ለመቁረጥ ስንሯሯጥ ነው ብናኙ የሚብሰው። ወተት ጠጡ ሳንባ ያጥባል የሚባለው አይሰራም፣ ማስክ አድርጉ፣ በር ክፈቱ፣ ጎረቤት በድምፁ ቢቆጣም ክፈቱ።

ሱቅ ልትከፍቱ ያሰባችሁ ካላችሁ ደሞ ሴራሚኩ ሳይነጠፍና ሶኬቱ ቦታውን ሳይዝ ለልኬት አትጥሩኝ፣ ማንንም ባለሙያ አትጥሩ። ሴራሚክና ከስሩ ያለው ሲሚንቶ ወለሉን ከፍ ያደርገዋል፣ ያኔ የወሰድኩት ልኬት አይሰራም። ካፌ ከሆነ የማሽኑን ውሃ መስመርና ማጥፊያውን የት እንደሚሆን ቀድማችሁ አሳዩኝ፣ ከጀርባው የሚከፈት በር እተውለታለሁ፣ ቧንቧው ያፈሰሰ ቀን ካቢኔት መስበር እንዳይመጣ።