የድህነት ወለል የማን ልክ ነው?

የድህነት ቁጥር በወጣ ቁጥር ፌስቡክ ላይ ያው ክርክር ይነሳል። አንዱ «የመንግሥት ቁጥር ነው፣ አትመኑት፣ የዓለም ባንክን እዩ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ፈረንጅ ስለ እኛ ኑሮ ምን ያውቃል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱ ቁጥሮች ከአንድ ጥናት የወጡ መሆናቸውን የሚያነሳ ሰው ግን ብዙም አላይም። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ክርክሩ ሁሉ ያለቦታው ነው የሚካሄደው።

የ2008 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ያኔ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ጠያቂዎች በየቤቱ እየዞሩ ሰዉ ምን እንደበላና ምን ላይ እንዳወጣ መዘገቡ። በዚያ መረጃ መንግሥት ከድህነት ወለል በታች፣ ማለትም ድሃ ለመባል ከተሰመረው የወጪ መስመር በታች፣ ያለው ሕዝብ 23.5 በመቶ ነው አለ። የዓለም ባንክም ያንኑ መረጃ ወስዶ በወቅቱ በነበረው በራሱ መስመር፣ በቀን 1.90 ዶላር፣ ሲለካው ከፍ ያለ ቁጥር አገኘ። የተጠየቁት ሰዎች ያው ናቸው፣ መልሱም ያው ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? አገራዊው ወለል ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር። በቀን ሲካፈል 20 ብር አይሞላም። «ለአንድ አዋቂ» የሚለውን ልብ በሉ። በእኛ ስሌት ሕፃን እንደ ሙሉ ሰው አይቆጠርም፣ የሚበላው ትንሽ ስለሆነ የአዋቂው ክፍልፋይ ብቻ ይያዝለታል። የዓለም ባንክ ግን የቤቱን ፍጆታ በራስ ቁጥር ነው የሚያካፍለው፣ ጡት የሚጠባውም አባወራውም እኩል አንድ ናቸው። ልጅ በሚበዛበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስድስት ልጅ ያላት እናት በአንዱ ስሌት ከወለሉ በላይ፣ በሌላው ከወለሉ በታች ልትሆን ትችላለች፣ ጓዳዋ ውስጥ ያለው እህል ግን አልተለወጠም።

ዶላሩም ቢሆን ባንክ ሄደን የምንመነዝረው ዶላር አይደለም። የየአገሩ ዋጋ ተነጻጽሮ፣ ያ ገንዘብ እዚህ ምን ይገዛል ተብሎ የተሰላ ነው። እዚህ ላይ ችግር አለ፣ አልክድም። የእኛ ድሃ ገንዘቡን በአብዛኛው የሚያወጣው እህል ላይ ነው፣ ጤፍ ደግሞ በአብዛኛው ዓለም ገበያ ላይ የለም።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልንገራችሁ። ያ «ዓለም አቀፍ» የምንለው መስመር ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም ባንክ 1.25 ዶላር የሚለውን ሲያወጣ የ15 እጅግ ድሃ አገሮችን የራሳቸውን የድህነት ወለል ሰብስቦ አማካዩን ነው የወሰደው። ከ15ቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነች! ማላዊ፣ ኔፓል፣ ጋና፣ ታጂኪስታንም አሉበት። 1.90 የሚለውም ከእነዚሁ አገሮች ወለል የመጣ ነው። ስለዚህ እኛ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን ወለላችንን በደንብ ካልሠራነው ዓለም አቀፉም አብሮ ይበላሻል። የአገር ውስጥ ጥናት የዓለም አቀፉ ትንሽ ቅርንጫፍ ተደርጎ ሲታይ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። መሠረቱ እሱ ነው።

መሠረቱ ደግሞ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጠያቂው «ባለፈው ሳምንት ስንት ሽንኩርት በላችሁ?» ይላል። እናትየዋ «ሁለት መደብ» ትላለች። ሁለት መደብ ስንት ኪሎ ነው? እንደ ገበያው ነው፣ እንደ ወቅቱ ነው፣ እንደ ሻጯም ነው። ጣሳ፣ ኩባያ፣ እስር፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው። ስታቲስቲክስ ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሚያካሂደው የቤተሰብ ጥናት ላይ እነዚህ መለኪያዎች በየክልሉ ስንት ኪሎ እንደሚሆኑ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቷል። ለእኔ ይሄ ሠንጠረዥ ትልቅ ምርምር ነው። መደቧ በግማሽ ኪሎ ከተሳሳተች፣ ዋሽንግተን የሚታተመው ግራፍ ላይ ያለው የኢትዮጵያ መስመርም አብሮ ይሳሳታል። ገበሬው ደግሞ የሚበላውን አብዛኛውን አይገዛም፣ ከጎተራው ነው የሚያወጣው። ያልተገዛው ጤፍ በስንት ዋጋ ይገመት? ይህን በደንብ የሚመልሰው የአካባቢውን ገበያ የሚያውቅ ሰው ነው።

የራሳችን ስለሆነ ብቻ ግን አገራዊው ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ቢያንስ እስከ 2008ቱ ድረስ ወለላችን የቆመው በ1988 ዓ.ም. በተሠራ የምግብ ቅርጫት ላይ ነው። ድሃው ቤተሰብ ያኔ ይበላው የነበረው ተወስዶ፣ ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ እንዲሆን ተመጥኖ። የ2003ቱም የ2008ቱም ወለል የዚያኑ ቅርጫት ዋጋ እያደሰ ነው የመጣው። የከተማው ሰው ግን ዛሬ ጤፉን ከሩዝ ቀላቅሎ ነው የሚጋግረው፣ ፓስታውም ዳቦውም ጨምሯል፣ የቤት ኪራዩ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ይህን ቅርጫት ለማደስ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አልነበረብንም።

ከዚያኛው ወገንም ቢሆን ቁጥሩ እንደ ድንጋይ የጸና አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የዓለም ባንክ ከ1.90 በኋላ 2.15 ደርሶ የነበረውን መስመር ወደ 3 ዶላር አሳደገው። በዚያ ክለሳ እ.ኤ.አ. በ2022 በከፋ ድህነት ውስጥ ነበሩ የሚባሉት ሰዎች ቁጥር ከ713 ሚሊዮን ወደ 838 ሚሊዮን ከፍ አለ። በዚያች ቀን ማንም አልደኸየም፣ የተቀየረው መለኪያው ነው።

ለማስተርስ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ልጆች፣ እባካችሁ ከውጭ የመጣ ሞዴል ይዛችሁ የኢትዮጵያን ቁጥር ብቻ አትጨምሩበት። የአንድ ከተማ ድሃ ቤተሰብ ዛሬ ምን እንደሚበላ፣ ለኪራይ ስንት እንደሚከፍል፣ በመደብና በጣሳ እየመዘናችሁ አዲስ ቅርጫት ሥሩ። ደሴም ትሁን ሐዋሳ፣ አንድ ከተማ ይበቃል። ውጤቱን ከ1988ቱ ቅርጫት ጎን አስቀምጡትና ወለሉ በስንት ብር እንደሚለያይ አሳዩን።