ጠጅ በቤቴ፦ የትኛው ዕቃ ይቅደም?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ጠጅ መጣል ስጀምር የነበረኝ ዕቃ ክዳን ያለው የምግብ ፕላስቲክ ባልዲ፣ ረጅም ማማሰያና ነጭ ሻሽ ነው። ለመጀመሪያው ጠጅ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። የተረፈውን ገንዘብ ማሩ ላይ ብታውሉት ይሻላል።

ማር ላይ አልደራደርም። የሱፐርማርኬት ማር አብዛኛው ሞቆና ተጣርቶ ነው የሚመጣው። ሰፈፍ የለውም፤ እርሾውም አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ጥሬ ማር ፈልጉ። የእኔ ልክ ለ1 ኪሎ ማር 3 ሊትር ውሃ ነው። በርዤ፣ ሸፍኜ ሁለት ሦስት ቀን እተወዋለሁ። ሰፈፉን ከላይ ገፍፌ፣ ከብርዙ ትንሽ ቀንሼ ከጌሾ ጋር አፈላለሁ። በደንብ ሲቀዘቅዝ እመልሰዋለሁ። ትኩሱን ከመለሳችሁት እርሾውን ይገድለዋል። ጌሾ ከሐበሻ ሱቅ አይጠፋም። ለጠጅ እንጨቱን ግዙ፤ ቅጠሉ ለጠላ ነው።

ከባልዲው ቀጥሎ የገዛሁት ኤርሎክ ነው። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ውሃ የሚይዝ ትንሽ ፕላስቲክ ሲሆን ክዳኑ ላይ ይሰካል። ከውስጥ የሚወጣው ጋዝ በውሃው አልፎ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይሄዳል፤ የውጭ አየር ግን አይገባም። ጠጅን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ያለ አየር አይሠሩም። በተለይ ፍላቱ ከበረደ በኋላ ይህቺ ትንሽ ዕቃ ትልቅ ሥራ ትሠራለች።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን ሃይድሮሜትር ነው። ቀጭን የመስታወት መለኪያ ነው። ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ጠጅ ቀድቼ እለቀዋለሁ፣ ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ስኳር በበዛ ቁጥር ከፍ ይላል። ንጹህ ውሃ ላይ 1.000 ያሳያል። የእኔ ብርዝ 1.080 አካባቢ ይጀምራል። 1.010 ሲደርስ አልኮሉ 9 በመቶ ገደማ ሆኗል ማለት ነው።

እናቴ በስልክ "መድረሱን ምላስሽ ይነግርሻል" ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ጠጅ ስትጥል ኖራለች። ለጀማሪ ግን ጣፋጭነት ያሳስታል። ገና እየፈላ ያለ ጠጅ ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ ከተቀመጠ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። እኔ በሳምንት ልዩነት ሁለቴ ለክቼ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ብቻ ነው ጠርሙስ ውስጥ የማስገባው። ያም ሆኖ ጣፋጭ ጠጅ እንደገና ሊነሳ ስለሚችል ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

አገር ቤት ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ያ ሽታ እዚህ ይናፍቀኛል። ፕላስቲክ ግን አይታጠንም፤ በሻካራ ነገር ከተፈተገም ጭረቱ ውስጥ ተህዋስ ይደበቃል። ለስላሳ ስፖንጅና የጠማቂዎች ማጽጃ ፈሳሽ ይበቃዋል።

ቀጥሎ የመጣው አፈ ጠባብ የመስታወት ጠርሙስና ቀጭን ጎማ ነው። ጌሾው ከወጣ በኋላ ጉሹን ጠጅ ወደ ጠርሙሱ በጎማ አወርደዋለሁ። የጎማው ጫፍ አምቡላውን እንዳይነካ ከላይ ከላይ ነው የምስበው። መስታወት ስለሆነ ጠጁ ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ ሲጠል ይታያል። ባልዲ እያለሁ ይህን በግምት ነበር የምሠራው።

በሕጉ በኩል ሐሳብ አይግባችሁ። የፌዴራል ሕጉ ለቤት ፍጆታ አንድ አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ላሉበት 200 ጋሎን ይፈቅዳል። መሸጥ ግን ክልክል ነው።

ብዙዎች ወዲያው ወደ 5 ጋሎኑ የመስታወት ጠርሙስ ይሄዳሉ። ሲሞላ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እርጥብ እጅ ላይ ደግሞ ያዳልጣል። እኔ ባለ አንድ ጋሎኖቹን ነው የማበዛው። አንዱን ደረቅ፣ አንዱን ለስላሳ አደርጋለሁ፤ ለፋሲካ የትኛው እንደሚቀርብ ከዚያ ይመረጣል።