የበጎቹ ጉዳይ

ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 24

ፍርድ ቤቱ ለክረምት ዕረፍት ከመዘጋቱ በፊት የነበረን የመጨረሻ ቀጠሮ ዛሬ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከልጁና ከአክስቱ ጋር በመጀመሪያው መኪና ተሳፍረን በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ ወጣን። ጉሙ ከመስኮቱ ማዶ አንዳች ነገር አያሳይም ነበርና ልጁ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ትከሻዬን ተንተርሶ፣ ለጥ ብሎ ተኝቶ ደረሰ። ባለፈው ጥቅምት በዚሁ መንገድ መጀመሪያ ስንሄድ ዓይኑን አልከደነም፤ ከእኔም ጋር ቃል አልተነፈሰም ነበር። ለውጡን ማየት ደስ ይላል። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ግን ደስ ስላለኝ ሳይሆን፣ በዚህ መዝገብ ላይ የፈጸምኩትን ስሕተት እስካሁን ለማንም ስላልተናገርኩ ነው።

ልጁ 10 ዓመቱ ነው። አባቱን አያውቀውም፤ እናቱ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። የአባቱ ወንድም ወስዶ በግ ጠባቂ አደረገው፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። በመስከረም ቀበሮ ግልገል ነጥቃበት በጅራፍ ከተገረፈ በኋላ፣ ቀድሞ ታስተምረው የነበረች መምህርት መንገድ ላይ አግኝታው ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አመለከተች። ዐቃቤ ሕግ የወንጀሉን መዝገብ ከፈተ፤ የሞግዚትነቱ ጉዳይ በሌላ መዝገብ ሄደ። እስከ ውሳኔው ድረስ ደብረ ብርሃን በምትኖረው የእናቱ እኅት ዘንድ እንዲቆይ ሲታዘዝ፣ ችግረኞችን በሚደግፈው የቀበሌያችን ነዋሪዎች ስብስብ፣ በማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረት ውስጥ በፈቃደኝነት የማገለግለው እኔ እንድከታተለው ተጠየቅሁ።

ምን እንደምሠራ የሚጠይቁኝ ጎረቤቶች ብዙ ናቸው፤ ሁነኛ መልስ ግን የለኝም። ጠበቃ አይደለሁም፤ ምስክርም ዘመድም አይደለሁም፤ ችሎት ውስጥ የምቀመጠው ከኋላ አግዳሚ ላይ፣ ተራቸውን ከሚጠብቁት ባለጉዳዮች ጋር ነው። በየሳምንቱ የአክስቱን ቤት እጎበኛለሁ፣ ደብተሩን አያለሁ፣ መምህሩን አነጋግራለሁ፤ ያየሁትንም ጽፌ በጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ በኩል ለዳኛዋ እንዲደርስ አደርጋለሁ። አብዛኛው ሥራ ግን መጠበቅ ነው። ምስክር አልቀረበም ተብሎ ቀጠሮ በተሸጋገረ ቁጥር ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር ከልጁ ጋር ቆሎ እየቆረጠምን እንቀመጣለን። በእነዚህ ወራት መርማሪው ተቀይሯል፤ ዐቃቤ ሕጉም ተቀይሯል፤ ያልተቀየርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ይህ ሥራ በአሜሪካ «በፍርድ ቤት የተሾመ ልዩ ተሟጋች» (CASA) የሚል ስምና የራሱ ሥርዓት ያለው መሆኑን ያነበብኩት ከገባሁበት በኋላ ነው። በሲያትል ከተማ ዴቪድ ሱካፕ የተባሉ ዳኛ፣ ስለተበደሉና አሳዳጊዎቻቸው ችላ ስላሏቸው ልጆች በቂ ነገር ሳያውቁ መወሰኑ ዕረፍት ቢነሳቸው፣ ሊያግዙ የሚችሉ ነዋሪዎችን ለምሳ ጠሩ፤ 50 ያህል ሰዎችም መጡላቸው። አገልግሎቱ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ነው። እዚያ ፈቃደኛው 30 ሰዓት ያህል ይሠለጥናል፣ ፍርድ ቤቱ ራሱ ይሾመዋል፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት መዝገብ በላይ አይይዝም፤ ልጁ ቋሚ ቤት እስኪያገኝ ድረስም እንዳይለየው ይጠበቃል። (የእኔ ሥልጠና የሻይ ዕረፍቱን ጨምሮ ግማሽ ቀን ነበር።) ከዚያ ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው ግን አንድ ደንብ ነው፦ ፈቃደኛው ለልጁ ይበጃል ያለውን ሲያቀርብ፣ ልጁ ራሱ የሚፈልገው ሌላ ከሆነ ያንንም ሳይሸሽግ ለዳኛው ይነግራል።

እኔ ሸሽጌ ነበር።

ልጁ ገና መናገር ሲጀምር ጀምሮ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «እትዬ፣ ወደ በጎቼ ልመለስ።» ጀርባው ላይ ያለውን ሰንበር ያየ ሰው ይህን ምን ብሎ ይጽፈዋል? የልጅነት ናፍቆት ነው፣ ይረሳዋል ብዬ አለፍኩት። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ከዚያም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ልጆችን ጸጥ በሉ ስል የኖርኩ መምህርት ነኝ። በሪፖርቴ ላይ አክስቱ ዘንድ መቆየቱ እንደሚሻለው፣ ትምህርት ቤት መግባቱን፣ ሰውነቱ መመለሱን ጻፍኩ፤ ስለ በጎቹ ግን አንድ መስመር እንኳ አላሰፈርኩም። ዳኛዋ ቢያነቡት ውሳኔያቸው ያመነታል ብዬ ሰግቼ ነበር።

በየካቲቱ ቀጠሮ ዳኛዋ ልጁን በጽሕፈት ቤታቸው ሊያነጋግሩት ፈለጉ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሕፃናት ምቹ በተደረጉ ችሎቶች ልጁ በተለየ ክፍል ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ሆኖ ሲናገር ችሎቱ በካሜራ ይከታተለዋል፤ እኛ ዘንድ የነበረው ካባቸውን አውልቀው ከጠረጴዛቸው ፊት ለፊት ወንበር ስበው የተቀመጡ ዳኛ ብቻ ናቸው። እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ምን እንደሚፈልግ ጠየቁት። ልጁ ግራ እጁን ዘርግቶ በቀኝ ጣቱ እየነካ ይቆጥር ጀመር። ቦቃዋ የእናቱ ነበረች፤ ሳትሞት ያንተ ናት ብላ የሰጠችው እርሷን ነው። ቦቃዋ ዳልቻዋን ወለደች፤ ዳልቻዋ መንታ ወለደች፤ ደግሞ ቦቃዋ ራሷ ደገመች። የእነርሱ የቀኝ ጆሯቸው ጫፍ ተቆርጧል፤ የአጎቱ ምልክት ግን የግራ ጆሮ ብሳት ነው። ጣቶቹ አልቀው ወደ ሌላው እጁ ተሻገረና «ሰባት ናቸው። እኔ ከሌለሁ ማን ለይቶ ያውቃቸዋል?» አለ።

እኔ ናፍቆት ያልኩት ለካስ ውርስ ነው። እናቱ ጥላለት የሄደችው ጥሪት በሙሉ በእነዚያ የተቆረጡ ጆሮዎች ላይ ነበር፤ ልጁም ወደ ጅራፉ ለመመለስ የፈቀደው ያንን ለመጠበቅ ነው። ሞግዚት አካለ መጠን ያላደረሰውን ልጅ ንብረት መጠበቅና ስለ አስተዳደሩ ሒሳብ ማቅረብም ግዴታው ነው፤ ያም ሆኖ ፖሊሱም፣ የጥምረታችን ኮሚቴም፣ እኔም ስለ ንብረት አንዳችን አልጠየቅንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል፤ አገራችን በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 12 ልጅ ስለ ራሱ ጉዳይ ሐሳቡን እንዲገልጽና እንዲደመጥ ይደነግጋል። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን እንደ ተቀጽላ ቆጠርኩት፤ ስለዚህም ደኅንነቱን ራሱን በግማሽ ብቻ አየሁ።

ዳኛዋ ስለ ሪፖርቴ ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ዛሬ ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ ተወሰነ። የወንጀሉ መዝገብ ገና በምስክር ላይ ነው። አጎትየው ስለ በጎቹ ሲጠየቅ አራቱ መንጋው ውስጥ እንዳሉ፣ ሦስቱን ግን ለልጁ እናት ተዝካር እንደ ሸጣቸው ተናገረ፤ ሒሳቡን በማስረጃ እንዲያቀርብ ለጥቅምት ተቀጠረ። ከችሎት ስንወጣ ቆቡን አውልቆ ሰላም አለኝና «እትዬ፣ እኛስ በጅራፍ አይደለም ወይ ያደግነው?» አለኝ። ክፉ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ልጁ እርሱ ዘንድ ጦሙን አድሮ አያውቅም። መልስ አልሰጠሁትም። ክፍል ውስጥ አርጩሜ ይዤ የቆምኩባቸውን ዓመታት እያሰብኩ ነበር።

ስንመለስ ልጁ አልተኛም። ጣርማ በር ስንደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የተሸጡት የትኞቹ ናቸው? ቦቃዋ አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ደብተሬን አውጥቼ ጥያቄውን እንዳለ ጻፍኩት፤ የጥቅምቱ ሪፖርት በእርሱ ይጀምራል።