ስም ጠርቼ ያመጣሁት ጣጣ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የበላችብኝ አንዲት መስመር ኮድ ናት።

የገበሬዎች የስንዴ ምርት ዳታ አለኝ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሶስት ማሳ ምርት በኩንታል። አማካሪዬ አንዴ ድምሩን አውጪ ይሉኛል፣ አንዴ አማካዩን፣ ደስ ሲላቸው ትልቁን፣ እኔም ያንኑ ኮድ እየገለበጥኩ ሰም (ድምር) የነበረውን ሚን እያደረግኩ (ሚን ስል አማካዩን ነው፣ ትንሹን አይደለም) ሰለቸኝ። ለካ አር (R) በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይ ፋንክሽንን፣ ማለትም አንድ ስራ የሚሰራ ዝግጁ ኮድን፣ በስሙ መጥራት ይቻላል! ስሙን በጥቅስ ጽፈሽ ዱ ዶት ኮል (do.call) ለሚባለው ፋንክሽን ትሰጪዋለሽ፣ የሚሰራበትን ቁጥር ደግሞ በሊስት (በዝርዝር)፣ እሱ ፈልጎ ይጠራልሻል። የመደመር ምልክቷ ራሷ ፋንክሽን ስለሆነች በጥቅስ አድርገሽ 2 እና 3 ብትሰጫት 5 ትልሻለች፣ ይሄን ሳይ ብቻዬን ሳቅኩ።

መጀመሪያ እንኳን በዚያ ስም የተቀመጠውን ነገር በሚያመጣው በጌት (get) ነበር የሞከርኩት። ግን ሚን ብዬ የሰየምኩት ቁጥር ነበረኝና ፋንክሽኑን ትቶ ቁጥሩን አመጣልኝ፣ ልጁን ስትጠሪ ውሻው እንደሚመጣው። ማች ዶት ፈን (match.fun) የሚባለው ግን ፋንክሽን ያልሆነውን ዘሎ ነው የሚፈልገው።

ብቻ ሶስቱን ስም፣ ሰምን፣ ማክስን (ትልቁን) እና ሚንን፣ ደርድሬ በየተራ በሚያስኬድ ሉፕ አዞርኩት። የመጀመሪያው ገበሬ 12፣ 7፣ 20። ድምር 39፣ ልክ። ትልቁ 20፣ ልክ። አማካይ 12... አየሁት፣ ያው እዚያው አካባቢ ነው ብዬ አለፍኩ። ኤረር የለ፣ ዋርኒንግ የለ። ቴብሉን ጨርሼ ልልክ ስል ነው አንዱ ገበሬ 3፣ 18፣ 18 አምርቶ አማካዩ 3 የሆነብኝ። እንዴ!

ነገርዬው ምንድነው፣ ዱ ዶት ኮል ሊስቱን በትኖ እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻው አርጉመንት (ለፋንክሽኑ የሚሰጥ ግብዓት) አድርጎ ነው የሚሰጠው። ሰምና ማክስ ስንትም ቢመጣላቸው ይቀበላሉ፣ ሚን ግን ዳታ ብሎ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ ሁለተኛውን ትሪም ያደርገዋል፣ ማለትም ከሁለቱ ጫፍ ምን ያህል ይቆረጥ የሚለውን፣ ሶስተኛውን ደግሞ የጎደለ ዳታ ይዘለል ወይ ለሚለው መልስ። 18 ትሪም አስቡት! 0.5 ወይ ከዚያ በላይ ከሆነ ዝም ብሎ ሚዲያኑን (ቁጥሮቹ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) ነው የሚመልሰው፣ የአንድ ቁጥር ሚዲያን ደግሞ ያው ራሱ ቁጥሩ ነው። ኤረር ቢል ኖሮ በአምስት ደቂቃ እገላገል ነበር።

መፍትሄው ደግሞ ያናድዳል። ረድፉን ሊስትን በሚያፍታታው በአንሊስት (unlist) አንድ ቬክተር (የቁጥሮች ተርታ) አድርጌ፣ ያንን ቬክተር መልሼ ሊስት ውስጥ ከተትኩት፣ ሙሉው እንደ አንድ አርጉመንት ገባ፣ በቃ። የመጀመሪያው ገበሬ አማካይ 13 ሆነ፣ የባለ 3ቱም 13 ሆነ፣ እኩል ናቸው ለካ።

ባለፈው ሳምንት ለአማካሪዬ የላክሁት ቴብል የወጣው በዚሁ ኮድ ነው። እስካሁን አልደወልኩላቸውም።