በነሐሴ ጽጌረዳ ፍለጋ፦ አንድ ቀን በግራስ

አበባ እወዳለሁ የሚል ሰው ቢያንስ አበባው መቼ እንደሚፈካ ማወቅ አለበት። እኔ ማወቁን አውቃለሁ፣ ትኬት ስቆርጥ ግን ትዝ አላለኝም። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኒስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ጋ ለአንድ ሳምንት ስሄድ በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ነበር። እዚያው አካባቢ በሽቶ ወደምትታወቀው ከተማ፣ ወደ ግራስ ሄጄ ሽቶ የሚሠራበትን ጽጌረዳ ከነቁጥቋጦው ማሽተት። ወሩ ደግሞ ነሐሴ።

ለምን ጽጌረዳ? አዲስ አበባ በረንዳዬ ላይ፣ በቀለም ባልዲ የተከልኳት አንዲት ጽጌረዳ አለችኝ፣ ከጤና አዳሙና ከበሶብላው መሃል። ከዝዋይና ከሆለታ ወደ አውሮፓ የሚጫነውንም እየገዛሁ ቤቴን አሳምርበታለሁ። ዘንጉ ቀጥ ያለ፣ ራሱ ትልቅ፣ ውሃ ውስጥ ብዙ ቀን የሚቆይ። አፍንጫችሁን ስታስጠጉት ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ረጅም መንገድ እንዲችልና ቶሎ እንዳይጠወልግ ተብሎ ሲዳቀል ሲዳቀል መዓዛው መሃል ላይ ቀረ። እና እስቲ እውነተኛውን ልየው ብዬ ነው የሄድኩት።

ባቡሩ ከኒስ እስከ ካን ባሕሩን እየታከከ ይሄድና ከዚያ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽቅብ ይወጣል። ከ1 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። እኔ ግራስ ሳልደርስ ሙዋን ሳርቱ ላይ ወረድኩ፣ ምክንያቱም የግራሱ የሽቶ ሙዚየም አትክልት ቦታ ያለው እዚያ ነው። ከጣቢያው በእግሬ ሄድኩ። በነሐሴ ፀሐይ አትሞክሩት።

ስገባ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ሆኗል። ጽጌረዳው በረድፍ ተተክሏል፣ ሮዝ ሴንቲፎሊያ ይሉታል፣ መቶ ቅጠል እንደማለት ነው፣ አበባው በቅጠል ላይ ቅጠል ስለደራረበ። እኔ ያየሁት ግን እሾህና አረንጓዴ ቅጠል ብቻ። አንድ አበባ የለም። አንድ! አንዲት አትክልተኛ ቆሜ ስፈዝ አይታኝ መጣች። የእሷ እንግሊዝኛና የኔ ፈረንሳይኛ ተደምረው አንድ ሰው አይሞሉም፣ ግን ገባኝ። "ማዳም፣ ሮዝ... ሜ!" አለችኝ እየሳቀች። በሜይ ወር ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የሚያብበው። ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ ዝም።

ተናደድኩ። በራሴ ነው የተናደድኩት።

አትክልተኛዋ ግን እጄን ይዛ ልትስበኝ ምንም አልቀራት፣ ወደ ጃስሚኑ ወሰደችኝ። ወቅቱ የሱ ነው፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይለቀማል። ነጭ፣ ባለ አምስት ቅጠል፣ እምቡጡ በስተውጭ ሮዝ ቀለም የነካው። ሳየው ደነገጥኩ። ጠምበለል! የኛ ጠምበለል የቅርብ ዘመድ ነው፣ ጫካ ዳር ሌላ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የምናየው፣ ቆንጆ ልጅ የምናሞግስበት። እዚህ ግን ዛፍ ላይ አይወጣም፣ ቁጭ ብሎ በረድፍ፣ እንደ ሽንብራ ማሳ።

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። አለ፣ ግን ደከም ያለ ነው። ለካ እሱም ሰዓት አለው። አበባው የሚከፈተው ሌሊት ነው፣ ለቃሚዎች ገና ሲነጋ ይገቡና ፀሐይ ሳትበረታ ይጨርሳሉ። 1 ኪሎ ለመሙላት 8 ሺህ ገደማ አበባ ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ በእጅ። ከዚያ 1 ኪሎ ንጹሕ የጃስሚን ዘይት ለማግኘት ደግሞ ከ600 ኪሎ በላይ አበባ። እኔ አንድ ጆንያ ጤፍ ማበጠር የሚሰለቸኝ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ስሌቱን እዚያው ተውኩት።

ከሁሉ የወደድኩት ሥሩን ስታሳየኝ ነው። አፈሩን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ግንዱ ላይ ያለውን እብጠት አሳየችኝ። የተዳቀለበት ቦታ ነው፣ ከላይ ለሽቶ የሚፈለገው ጃስሚን፣ ከታች ብርድ የሚችል ሌላ ጃስሚን። ክረምታቸው ሲመጣም ግንዱን አፈር ያስታቅፉታል፣ ልክ እኛ ድንች እንደምናስታቅፈው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ፎቶ አይናገርም። ስንለያይ መሬት የወደቁ ሦስት አበቦች አነሳችና ሰጠችኝ። በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ቱበሮዝ ደግሞ አለ፣ ረጅም ዘንግ ላይ ነጭ አበባ የደረደረ። እሱ በጠራራ ፀሐይም አላሳፈረኝም፣ ቅቤ ቅቤ የሚል ከባድ መዓዛ፣ ከሁለቴ በላይ ብታሸቱት ራስ ያዞራል። እና መውጫው አጠገብ አንድ የጌራኒየም ቅጠል ቆርሼ አሸሁ (አይፈቀድም መሰለኝ፣ አታድርጉ)። ጽጌረዳ! ቁርጥ ጽጌረዳ። ሽቶ ሠሪዎች የጽጌረዳን ዋጋ ሲፈሩ ወደሱ የሚዞሩት ወደው አይደለም። ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሁለትን መዓዛ አበባው ነስቶኝ ቅጠል ሰጠኝ።

ግራስ ራሷ ኮረብታ ላይ ናት፣ 50 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት። የባቡር ጣቢያው ታች ነው፣ አሮጌው ከተማ ደግሞ ከላይ። ስልኬ "ጥቂት ደቂቃ" አለኝ፣ ስልክ አቀበት አያውቅም። ላቤን እየጠረግሁ ስደርስ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ጠባብ መንገዶች፣ የተላላጠ ቢጫና ቀይ ግድግዳ፣ መስኮት ላይ የተሰጣ ልብስ። ካቴድራሉ ውስጥ የሩበንስ ሥዕሎች አሉ፣ እኔ ግን የገባሁት ለቅዝቃዜው ነው፣ አልዋሽም።

ፕላስ ኦ ዜር የሚባል አደባባይ ላይ ቁጭ ብዬ ውሃ ጠጣሁ። መሃሉ ላይ ምንጭ አለ። ድሮ ይህ የቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ነበር። ሞጆ በቆዳ ፋብሪካዎቹ አጠገብ መስኮት ከፍቶ ያለፈ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ግራስ ቀድሞ የምትታወቀው በቆዳ ነው፣ በተለይ በጓንት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባላባቶቹ መዓዛ ያለው ጓንት ሲያምራቸው ቆዳ ሠሪዎቹ አበባ መትከል ጀመሩ። በኋላ ቀረጥና የኒስ ፉክክር ቆዳውን ገደለው፣ ግማቱን ለመሸፈን የመጣው አበባ ብቻውን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኔስኮ የአካባቢውን የሽቶ ሙያ በቅርስነት ሲመዘግብ አበባ ማልማቱንም ጨምሮ ነው፣ ይህ ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ይመሰገናል፣ ኮትኳቹ ይረሳል።

ከሰዓት አንድ ሽቶ ቤት ገባሁ፣ ጉብኝቱ ነፃ ነው፣ መጨረሻው ሱቅ ስለሆነ። አስጎብኚዋ የድሮውን ዘዴ አሳየችን፤ መስተዋት ላይ ስብ ይቀቡና ጃስሚኑን አንድ በአንድ ይደረድሩበታል፣ ስቡ መዓዛውን ይጠጣል። ጃስሚን ሙቀት አይችልም፣ እንደ ላቬንደር በእንፋሎት ብታወጡት ይበላሻል። ግን ከተቀጠፈ በኋላም ለሰዓታት መዓዛ መስጠቱን አያቆምም። ስቡ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ከዚያ ከእንስሳት ወደሚገኙት መዓዛዎች መጣች። "ሲቬት፣ ከአቢሲኒያ" ስትል ጆሮዬ ቆመ። ዝባድ! እጄን አወጣሁ እንደ ተማሪ። አገሬ ነው፣ ጥርኝ ነው፣ ከከፋና ከእናርያ ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር በነጋዴ ሲወጣ የኖረ፣ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ባሕር የሚሻገር። ቡድኑ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ኮራሁ፣ ግን ወዲያው ጥርኙ ትዝ አለኝ፣ በጠባብ ጎጆ ታስሮ በየጊዜው ከጭራው ሥር የሚፋቀው። ዛሬ አብዛኛው በኬሚካል ተተክቷል፣ አስጎብኚዋ ይህን ስትናገር እንደ ኪሳራ ነው የተናገረችው። ለኔ ኪሳራ አልመሰለኝም። ለገበሬው ግን ሌላ ነው፣ እሱን ማን ጠየቀው?

ሱቁ ውስጥ አንድ የጌራኒየም ሳሙና ገዛሁ። ሽቶ አልገዛሁም።

ማታ ኒስ ስደርስ የአክስቴ ልጅ በር ላይ "እሺ እቴ፣ ሽቶው የታለ?" አለኝ። ሶፍቱን አውጥቼ ሰጠሁት። አበቦቹ ቡናማ ሆነው ተጨማደዋል፣ ሦስቱም እንደ ሻይ ቅጠል።

"ይሄ እኮ ሞቷል።"

"ዝም ብለህ አሽትተው።"

አሸተተ። ከዚያ ሶፍቱን ሳይመልስልኝ ወጥ ቤት ገባ፣ ለሚስቱ ሊያሳያት።