ሃምሳን አልፎ ሥራ መፈለግ በሰው አገር

ከሥራ መቀነሴን የሰማ አንድ አብሮ አደጌ ከአገር ቤት ደውሎ «ያን ሁሉ ልምድ ይዘህ ምን ያሳስብሃል? አሜሪካ ትናንት የገባውም ሥራ አያጣም» አለኝ። ሊያጽናናኝ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እሱም ሆነ ወደዚህ ለመምጣት የሚያስቡ ብዙዎች የሥራ ልምድ በሄዱበት ሁሉ እኩል የሚከበር ስለሚመስላቸው፣ ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ሥራ ስፈልግ የገጠመኝን ልጽፍ ወሰንኩ።

ለሥራ ፈላጊዎች ምክር የምትሰጥ አንዲት ወጣት ባለሙያ ሲቪዬን አንብባ ከጨረሰች በኋላ፣ በፍጹም ትሕትና፣ ከ15 ዓመት በፊት የሠራሁትን ሁሉ እንዳወጣና የተመረቅሁበትንም ዓመት እንድሰርዝ ነገረችኝ። አገር ቤት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆኜ የሠራሁባቸው ዓመታት፣ በእጅ ይሞላ የነበረውን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ያሻገርንበት ድካም፣ የበጀት ዓመት ሲዘጋ ቢሮ ያደርንባቸው ሌሊቶች፣ አሠልጥኛቸው ዛሬ እነሱ ራሳቸው ኃላፊ የሆኑ ልጆች፣ ይህ ሁሉ ከወረቀቱ ላይ ወጣ። እስከዚያች ቀን ድረስ የምኮራበት ነገር ቢኖር ያ ዘመን ነበር። በልጄ ዕድሜ ያለች ሰው ዕድሜዬን እንድደብቅ ስትመክረኝ የተሰማኝን ኀፍረት፣ በኋላ ማመልከቻዬን ውድቅ ካደረጉት ድርጅቶች አንዱም አላሳደረብኝም። ምክሯ ትክክል ነበር፤ የከበደኝም ይኸው ነው፤ ወረቀቱ ካጠረ በኋላ ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩኝ በዙ።

ይህ የሚሆነው ደግሞ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነን ሠራተኛ በዕድሜው ምክንያት ማግለልን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣ አገር ውስጥ ነው። ሕጉ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን የግል ቀጣሪዎች ይመለከታል። ሆኖም «አርጅተሃል» የሚል ቀጣሪ የለም፤ የሚባለው «ብቃትዎ ለዚህ የሥራ መደብ ከሚፈለገው በላይ ነው» ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2009 ከሳሹ ለደረሰበት በደል ዕድሜው ወሳኙ ምክንያት እንደ ነበር ማስረዳት አለበት ብሎ ስለ ወሰነ፣ መብቱ ቢኖርም ማስረጃ ማቅረቡ ከባድ ነው። እርግጥ ነው፣ ሽበት ይከበራል የምንለው እኛም በሥራ ማስታወቂያችን ላይ «ዕድሜ ከዚህ ያልበለጠ» ብለን በግልጽ እንጽፋለን። እነርሱ በሕግ ከልክለው በዘዴ የሚያደርጉትን እኛ ያለ ኀፍረት ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

ከእኛ በኩል ይበልጥ የሚጎዳን ግን ሥራ መፍታትን እንደ ነውር መደበቃችን ነው። ወራት ሙሉ ጠዋት ለብሶ ከቤት እየወጣ፣ የቅርብ ወዳጁ እንኳ ከሥራ መውጣቱን ያላወቀበት ወገናችንን አውቃለሁ። ሥራ እንደምትፈልግ ያልነገርከው ሰው ሊጠቁምህ አይችልም። እኔ አሁን የምሠራበትን ቦታ ያገኘሁት በቀድሞ ባልደረባዬ ጥቆማ ነው፤ ማዕረጉ ከበፊቱ ዝቅ ይላል፣ ሥራው ግን የማውቀው ነው።

ለምትመጡም ሆነ እዚህ ላላችሁ የማሳስበው አለ። ቀጣሪያችሁ ከሥራ ሲያሰናብታችሁ ገንዘብ ሰጥቶ የዕድሜ አድልዎ ክስ የማቅረብ መብታችሁን የሚያስቀር ስምምነት ካቀረበላችሁ፣ በዚያው ቀን አትፈርሙ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ ዕድሜው 40 ለሞላው ሠራተኛ ቢያንስ 21 ቀን፣ ቅነሳው በቡድን ከሆነ ደግሞ 45 ቀን የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል፤ ከፈረሙም በኋላ በ7 ቀን ውስጥ መሻር ይቻላል። በቡድን ቅነሳ የተቀነሱትና የቀሩት ሠራተኞች የሥራ መደብና ዕድሜ በጽሑፍ መሰጠት ስላለበት፣ ያንን ዝርዝር በጥንቃቄ አንብቡ።

ስለ ጡረታም አስቡ። ሶሻል ሴኩሪቲ የተባለውን የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ ለማግኘት ከሥራ ገቢ የሚቆጠር 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ነጥብ ስለሆነ ቢያንስ 10 ዓመት መሥራት ግድ ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል የጡረታ ዘመንን የሚያያይዝ ስምምነት ስለሌለ አገር ቤት የተሠራው አይቆጠርም። የደወለልኝ አብሮ አደጌ በዚህ ዓመት 56 ዓመት ይሞላዋል፤ ልጁ ልትወስደው ጉዳዩን ጀምራለች። ነገ መጥቶ በማግሥቱ ሥራ ቢጀምር እንኳ 40ው ነጥብ የሚሞላለት 66 ዓመት ሲሆነው ነው። መልቀቂያ ከማስገባቱ በፊት ይህን ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲያሰላው ነግሬዋለሁ።