ክራምፔት በእንጀራ ምጣድ
«አበሻ ሆነሽ የእንግሊዝ ምግብ ይናፍቅሻል?» እያሉ የሚስቁብኝ ብዙ ናቸው። ይሳቁ። ያደግሁት ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ አካባቢ ነው፤ ትዳር ወደ ሜሪላንድ ሲያመጣኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጤፉም ሽሮውም በርበሬውም ደጄ ድረስ ጠበቀኝ። የጎደለኝ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምበላው ቦሎቄ በተጠበሰ ዳቦ፣ የእሑድ ከሰዓቱ ስኮን (በክሬም የሚበላ ትንሽ ለስላሳ ዳቦ)፣ ወተት ገብቶበትም መልኩ የማይገረጣው ሻይ ነበር።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ዱቄቱ ነው። እናቴ ለንደን በገባችበት ዘመን ጤፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ እንደ ብዙዎቹ የጊዜው ስደተኞች፣ እንጀራ የምትጋግረው እንግሊዞች ኬክ በሚሠሩበት ሰልፍ ሬይዚንግ ዱቄት ነበር፤ ማለትም ቤኪንግ ፓውደር ቀድሞ በተቀላቀለበት። ያው ስም የተጻፈበት ከረጢት አሜሪካም ይሸጣል። ነገር ግን የአሜሪካው ጨው የተጨመረበት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚፈጨው ፕሮቲኑ አነስተኛ ከሆነ ለስላሳ ስንዴ ነው። የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ሰዎች ብስኩት ለሚሉት ለስላሳ ትንሽ ዳቦ ተስማሚ ይሆናል፤ የእኔ ኬክ ግን ጨው ጨው አለ። ለእናቴ ደውዬ ሳማርር፣ «ልጄ፣ ከረጢቱን ተይውና ዱቄቱ ምን እንዲሠራልሽ እንደምትፈልጊ ንገሪኝ» አለችኝ። እንዲነፋልኝ ነው የምፈልገው! ለ150 ግራም ተራ የስንዴ ዱቄት ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጨምሬ ሁለት ጊዜ በወንፊት እነፋዋለሁ፤ በቃ። እንግሊዞች ለኬክ የሚጠቀሙበትን ደቃቅ ስኳር ደግሞ ተራውን ስኳር በቡና መፍጫ ለጥቂት ሰከንድ በማዞር አገኘሁት። ዱቄት እስኪሆን ድረስ ግን አታዙሩት።

ቦሎቄው ረዘም ያለ ታሪክ አለው። የአሜሪካው የጣሳ ቦሎቄ በሞላሰስ ወይም በቡናማ ስኳር የጣፈጠ ነው፤ ብዙ ጊዜም የአሳማ ሥጋ ወይም ስብ ይገባበታል። ለንደን ውስጥ ግን የጣሳ ቦሎቄ የጾም ምግባችን ነበር፤ ቲማቲም፣ ስኳር፣ ኮምጣጤ፣ ጨውና ቅመም እንጂ ሥጋም ቅቤም የለውም። የሚገርመው፣ እንግሊዞች የሚያሽጉት ነጭ ቦሎቄ በብዛት የሚሄድላቸው ከዚሁ ከሰሜን አሜሪካ ነው። የእኛው ስምጥ ሸለቆም ለአውሮፓ የጣሳ ፋብሪካዎች ነጭ ቦሎቄ ይልካል። ስለዚህ ጥሬ ዕቃውን ፍለጋ የትም መሄድ አላስፈለገኝም፤ እዚህ ኔቪ የሚባለው ትንሹ ነጭ ቦሎቄ ነው። ሩብ ኪሎውን አሳድሬ እዘፈዝፈዋለሁ፤ በማግስቱ ውኃውን ቀይሬ፣ ጨው ሳልጨምር፣ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርጥ እቀቅለዋለሁ። ከዚያ 400 ግራም የተጣራ ቲማቲም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ትንሽ ኮምጣጤ፣ የሽንኩርት ዱቄትና ከአንድ ፍሬ ያልበለጠ ቅርንፉድ ጨምሬ በዝግታ አንተከትከዋለሁ። ጨው የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠ ጥቂት የበቆሎ ስታርች ያወፍረዋል። ዘይት አይገባበትም፤ ያገሬ ሰው ቁሌት ካላየ እጁ እንደሚያሳክከው አውቃለሁ፣ ግን ታገሡ። በርበሬ ከገባበት ጥሩ ወጥ ይወጣዋል እንጂ እኔ የፈለግሁት ምግብ አይሆንም።

ክራምፔት ላይ ስደርስ የእናቴ ሙያ ይበልጥ ጠቀመኝ። ክራምፔት መዳፍ የምታህል፣ ወፈር ያለች፣ ከላይዋ በዓይን የተሞላች ቂጣ ናት፤ የቀለጠ ቅቤ በየቀዳዳው ይሰርጋል። የአሜሪካ ገበያ በየመደርደሪያው የሚሸጠው የእንግሊዝ ማፊን ሌላ ነገር ነው፤ ዓይን የለውም። ዓይን ማውጣትን ደግሞ እንጀራ ጋጋሪ ታውቅበታለች። 300 ግራም ዱቄት፣ ሰባት ግራም ደረቅ እርሾና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በ400 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ በደንብ እመታና ለአንድ ሰዓት ያህል እተወዋለሁ። ኩፍ ሲል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በትንሽ ሞቅ ያለ ውኃ በጥብጬ እጨምርበትና ለሃያ ደቂቃ ያህል አሳርፈዋለሁ።

ምጣዱ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዳችን ነው፤ እሳቱ ግን ለእንጀራ ከሚሆነው በጣም መቀነስ አለበት። ቀለበት ለሌለው ሰው ላይና ታቹ የተከፈተ የቱና ጣሳ ይበቃል፤ ዛሬ ዛሬ ብዙዎቹ ጣሳዎች ግርጌያቸው የተጠጋጋ ስለሆነ መክፈቻ አይዛቸውም፣ ሲገዙ ገልብጦ ማየት ነው። ጣሳውን ዘይት ቀብቼ ሊጡን እስከ ግማሽ አፈስሳለሁ። አክምባሎ አይደፋበትም። ላዩ እስኪደርቅና ዓይኖቹ ተከፍተው እስኪቀሩ ድረስ አሥር ደቂቃ ገደማ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ጣሳውን አንስቼ ለአፍታ ብቻ እገለብጠዋለሁ። ሁልጊዜ መጀመሪያ አንዲት ብቻ ለሙከራ እጋግራለሁ፤ ዓይኗ ከደፈነ ሊጡ ወፍሯልና ውኃ ጠብ አደርግበታለሁ። ባለቤቴ ለእንጀራ ምጣዱ ክብር ተቆርቁሮ ነበር፤ አሁን ቅዳሜ ጠዋት ጣሳዎቹን የሚያጥበው እሱ ነው።

ሻይ ብዙ አላለፋኝም። አሜሪካ ውስጥ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው የሻይ ከረጢት በአብዛኛው ለበረዶ ሻይ የታሰበ ስለሆነ ወተት ሲያይ ይሸነፋል። የእንግሊዙ ቅልቅል ጉልበቱን የሚያገኘው ከሕንዱ አሳምና ከኬንያ ቅጠል ነው፤ ስለዚህ ከሕንዶች ሱቅ ድብልብል ፍሬ የሚመስለውን የአሳም ሻይ እገዛለሁ። ከአበሻ ሱቅ የሚገኘው የውሽውሽ ሻይም ወተት ይችላል።

ክሬም ላይ ቁጥር ማንበብ ግድ ነው። የእንግሊዙ ደብል ክሬም 48 በመቶ ስብ አለው፤ የአሜሪካው ሄቪ ክሬም የሚጠበቅበት ከ36 በመቶ እንዳያንስ ብቻ ነው። ለመምታት ይሆናል፤ ኬክ ላይ ሲያፈሱት ግን ይፈስሳል። ለስኮን የሚሆነውን የዴቨንና የኮርንዎል ወፍራም ክሬም የምሠራው በጣም ከፍተኛ ሙቀት ያላለፈበትን ሄቪ ክሬም በሰፊ ሳህን አድርጌ፣ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ምድጃ ሌሊቱን አሳድሬ፣ ሳልነካካው ፍሪጅ በማስገባት ነው። ከሥር የሚቀረውን ፈሳሽ ለስኮኑ ሊጥ እጠቀምበታለሁ።

ኩስታርድ፣ ማለትም ዱቄቱ በወተት ተፈልቶ ኬክ ላይ የሚፈስሰው ቢጫ ጣፋጭ፣ ከሁሉም ቀላሉ ነው። አልፍሬድ በርድ በ1837 ዱቄቱን የፈጠረው ሚስቱ እንቁላል ስለማይስማማት ነበር፤ ነገሩ የበቆሎ ስታርች፣ ቀለምና ቫኒላ ነው። እኔ ለቀለሙ የእርድ ቁንጣሪ እጨምራለሁ። በጾም በአጃ ወተት ሲሠራ ከሆሳዕና በፊት ልጆቹን ያስታግሣል።

ያልተተካልኝ ቸኮሌት ነው። ካድበሪ የሚባለው የእንግሊዝ ቸኮሌት አሜሪካ ውስጥ በፈቃድ ሲመረት መጠቅለያው እንደ እንግሊዙ ሐምራዊ ቢሆንም የይዘት ዝርዝሩ ላይ ስኳር ይቀድማል፤ በእንግሊዙ ላይ የሚቀድመው ወተት ነው። በ2015 ከተደረገ የፍርድ ቤት ስምምነት ወዲህ ደግሞ የእንግሊዙ እንደ ድሮው ወደዚህ አይገባም። ስለዚህ ከለንደን የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልሽ?» ሲለኝ ሻይም ኩስታርድም አላዝም። የሥጋ ፓይ ጉምሩክ ይወስደዋል። ቸኮሌት ብቻ፣ እሱም በእጅ ሻንጣ፤ በሐምሌ የሚመጣ ከሆነ ግን ማርማይት፣ ያ ዳቦ ላይ የሚቀባው ጥቁር ጨዋማ የእርሾ ውጤት፣ ይበቃኛል፣ እሱ አይቀልጥም።